የትኛው ልብ

ባገራችን ወግ ሁለት ምላስ ነውር፣
ለእኔ ግን ቶሪኖ ደሞዜ ነበር።
ዘጠኝ ዓመት ሙሉ በሆስፒታል ደጅ
ሕመም አሻገርሁኝ ካበሻ ለፈረንጅ፤
«ምች ነው» ሲሉኝ፣ «መጋኛ» ሲሉኝ፣
አንድም ቀን ጣልያንኛው ቃል ሳያሳጣኝ።

ወይዘሮ አልጣሽ መጡ በኅዳር ማለዳ፣
ያሮጊት አስታማሚ ከፈረንጅ ጓዳ፤
«ልቤን» አሉ፣ «ልቤን፤ ሦስት ቀኑ ልቤን።»
እኔም አሻገርሁት፣ እንዳለ፣ ቃሉን።
ደረታቸው ላይ ሽቦ ተለጠፈ፤
ሌሊቱ የልብ ምት ሲቆጠር አለፈ።

ሲነጋ ደም አስታወኩ።
ጨጓራቸው ነበር።

ተረፉ፤ ተመስገን። ግን እኔ አላውቅም ነበር እንዴ?
ከጡት በታች ከእምብርት በላይ ያለው ሁሉ
በእኛ ሰው አፍ ልብ እንደሚባል?
ባዶ ሆዴን ሎሚ ስጠጣ እኔም «ልቤን» እል የለም እንዴ?

ማንም አልወቀሰኝም። የጎዳኝ እሱ ነው።
ዶክተር ፋሶሊ ትከሻዬን ነካ አድርጎ «ያጋጥማል» አለና
ወደሚቀጥለው አልጋ ሄደ።

ከዚያ ወዲያ መዝገበ ቃላት ደረቴ ላይ ተከፍቶ ያድር ጀመር።
«ራሴን» ሲሉኝ፣ ጭንቅላታቸውን ነው ወይስ ሁለመናቸውን?
«ሆዴ» ሲሉ፣ አንጀታቸው ነው
ወይስ ደጅ የተቀመጠችውን ልጃቸውን እየጠሩ?
«ጤና ይስጥልኝ»ን እንኳ ሁለት ጊዜ ሳልፈትሽ አላልፈውም።
አንድ ቀን በኮሪደሩ መሐል ቆሜ
ስልኬን አጠፋሁት።

ዐሥራ አራት ወር
ከባቡር ጣቢያው ጀርባ፣ በአንድ ሆቴል ምድር ቤት፣ አንሶላ አጠፍሁ።
አንሶላ ትርጉሙ አንድ ነው።
አራት ጠርዝ አለው፤ ጠርዙን ከጠርዙ ታገጥሚያለሽ፣
ያልቃል።
ልቤ ከዳኝ።
(ይኸንንስ ለጣልያን እንዴት ብዬ ላሻግረው?)

በየካቲት ነርሷ ኦርኔላ በሆቴሉ ስልክ አፈላልጋ ደወለች።
«ትርሲት፣ አንድ ሽማግሌ አሉ። እሳቸው ይናገራሉ፣
እኛ ራሳችንን እንነቀንቃለን።»
«አልችልም» አልኋት።
«እሺ» አለች፤ ስልኩን ግን አልዘጋችም።
ከጀርባዋ አንድ የደከመ ድምፅ ይመጣል፦
«ኧረ የሰው ያለህ!»

ካፖርቴን በሥራ ልብሴ ላይ ደርቤ ወጣሁ።

አቶ ይርዳው፣ ሰማንያ ሁለት ዓመታቸው፣
ልጃቸውን ሊጠይቁ መጥተው ክረምቱ የያዛቸው።
እጄን ጨብጠው፣ ስሜን እንኳ ሳይጠይቁ፣
«ልቤን» አሉኝ።

ሐኪሟ ወጣት ናት፤ ብዕሯን ከፍታ አፍ አፌን ታያለች።
የድሮው ቃል ተሽቀዳድሞ ጥርሴ ሥር ደርሷል።
ዋጥሁት።
«ይቅርታ ዶክተር» አልሁ፣ «ገና አልገባኝም።»
በዘጠኝ ዓመት አንድ ቀን ያልወጣኝ ዐረፍተ ነገር።
ሐኪሟ «ጠይቂያቸዋ» አለች፣ እንደ ቀላል ነገር።

«አባቴ፣ የትኛው ልብ? ጣትዎን ያሳርፉበት።»

ጣታቸው ከሹራባቸው ቁልፍ ወደ ቁልፍ ወረደ፣
ከጎድን አጥንት ሥር ጥቂት ቆየ፤
ከዚያ ሳልጠብቀው ተመልሶ ወደ ላይ ወጣ።
«ይኼኛው፣ ስበላ» አሉ።
«ይኼኛው ደግሞ ልጄ ሥራ ሲሄድ፣ በሩ ሲዘጋ።»
ሁለቱንም ነገርኋት።
ሁለቱንም ጻፈች።

ማታ ትራም ላይ ቆሜ፣ ጣቴ ሳሙና ይሸታል፤
ልቤ ሞልቷል አልልም፣ ግማሹ ገና ይፈራል።
ኦርኔላ ቀጥራኛለች፣ ማክሰኞ በዘጠኝ፣
(በእነሱ ነው፤ በእኛ ሦስት፤ ሁለቴ አጣራሁኝ።)
«እመጣለሁ» አልሁ፣ ሳልጠራ ዋስ፣
አንዴ ቀስ፣ አንዴ ጮክ፣ በሁለቱም ምላስ።